ሰነፉን ዐቃቤ ሕግ ጠብቅልኝ

ሰነፍ የመንግሥት ሠራተኛን የማይረግም ሰው በዚህ ከተማ ይገኛል? አይገኝም። ታክሲ ውስጥ ይረገማል፣ ወረፋ ላይ ይረገማል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሟቹ ተረስቶ «እዚያ ቢሮ ያለው ሰውዬ እኮ…» እየተባለ ይረገማል። እኔም ስረግም ነው የኖርኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ የምትረግሙት ሰነፍ ሥራውን ባለመሥራቱ ያለፈለት ሰው ይኖር ይሆን ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ፣ የሚፈርመው ሰውዬ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶለት፣ ልጆቹን እዚያው ቤት ውስጥ ያሳደገ የለም? አለ። ግን ዝም ነው የሚለው። ሰነፍን ማመስገን ያሳፍራላ!

እኔ ግን ዝም አልልም። እኔ የሰነፍ ሰው ዕድሜ እንዲረዝምልኝ ጸልዬ አውቃለሁ። ጃንጥላም ተስያለሁ። ስቃችሁ ስትጨርሱ ስሙኝ።

የምንኖረው ካዛንቺስ ነው፣ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ገባ ብሎ፣ አንድ በር ያለው ግን ብዙ ቤት ያለበት ግቢ ውስጥ። ባለቤቴ ብርሃኑ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን አለቃው ስልክ ደወለለትና እነዚያን አዳዲስ የመኪና ጎማዎች ለሚመጣው ሰው ስጥ አለው። አለቃ ስጥ ሲል የማይሰጥ ማን ነው? ሰጠ። ጎማዎቹ ሄዱ፣ አልተመለሱም። ሲጠየቅ አለቃው «እኔ ለማንም አልደወልኩም» አለ። ይህን ብሎ ብዙም ሳይቆይ ለስብሰባ ውጭ አገር ሄደ። ስብሰባው እስካሁን አላለቀም።

እንግዲህ ክሱ የተከፈተው ትልቅ ባለሥልጣን አለበት ተብሎ ስለነበር፣ የመንግሥት ትልቁ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ነው የያዘው። አቶ ገዛኸኝ ይባላል። አለቃው ሲያመልጥ ትልቁ ዐቃቤ ሕግ ለኔ ብርሃኑ ቀረለት። ዋስትናም ተከለከለ። ያኔ ልጄ ናሆም ሆዴ ውስጥ ነበር። አሁን ጥርስ አብቅሎ ጡቴን ይነክሰኛል። አባቱን የሚያውቀው በሽቦ አጥር ቀዳዳ ነው። ማረሚያ ቤት ምሳ ይዤ ስሄድ፣ በሩ ላይ ምግቡን ቅመሺ እባላለሁ፤ መርዝ እንዳይኖርበት ነው። እኔ ስቀምስ ናሆም ከጀርባዬ ላይ አፉን ይከፍታል። እሱንም አቀምሰዋለሁ። ብርሃኑ ጋ የሚደርሰው ከሁለታችን የተረፈው ነው።

አንዳንዴ ልጁ ትንሽ ሲያተኩሰው፣ ትንፋሹን ለማዳመጥ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠግቼ፣ «አባትህ ሳያቅፍህ ምንም እንዳትሆንብኝ» እላለሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፣ በቃ። ነፋስ በር ሲገፋ ፖሊስ ይመስለኛል፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል።

ወደ አቶ ገዛኸኝ ልመለስ። ሰውዬው በዚያን ሰሞን የአገሩ መነጋገሪያ ነበር። ምን አደረገ? ጥያቄው ምን ያላደረገው አለ ነው። አንድ ትልቅ ክስ ላይ፣ ዋናው ምስክሬ በጠና ታሞ ሆስፒታል ነው፣ ቀጠሮ ይለወጥልኝ ብሎ ሲለምን፣ ምስክሩ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሌላ ጊዜ የሌላ ሰው ክስ ይዞ ገብቶ ረፋዱን ሙሉ አነበበ አሉ። ተከሳሾቹ በሬ ሰርቃችኋል የተባሉ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ የሚያነበው ስለ ባንክ ቼክ ነው። ከገበሬዎቹ አንዱ «ይህንንም እኛ ነን ያደረግነው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ ተባለ። ደግሞ የመንግሥት መኪናው አለ። ለበዓል በግ ጭኖበት፣ ኦሎምፒያ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ሲቆም በጉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሕዝቡን ሲመለከት ታይቷል።

ይህን ሁሉ የምሰማው ከጋሽ ንጉሤ ነው። ጋሽ ንጉሤ ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጡና ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ይከፍቱታል። ጋዜጣም ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ስለሆነ፣ ጋዜጣ ላይ አንድ አርዕስት አንብቤ እስክጨርስ ወሬው ያረጃል፤ ስለዚህ የኔ ጋዜጣ እሳቸው ናቸው። ምክር ቤት ውስጥ አንዱ ወገን ይህ ሰው ችሎታም ሥነ ምግባርም የለውም፣ ይነሳ ይላል። ሌላው ወገን ስሙን የሚያጠፉት የሕግ ጠላቶች ናቸው ይላል። ሬዲዮ ላይ ሕዝቡ እየደወለ ይሳደባል። ጋሽ ንጉሤ በጉን በዓይኔ አይቻለሁ ይላሉ። እኔ እሳቸውን ባላምን እንኳ በጉን አምነዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ እኔም ይነሳልኝ ባይ ነበርኩ፣ አልዋሻችሁም። ፍርድ ቤት በሄድን ቁጥር ቀጠሮ ነው። አንዴ ምስክር አልመጣም፣ አንዴ ምስክሩ መጥቶ አቶ ገዛኸኝ አልመጣም፣ አንዴ ሁሉም መጥተው ፋይሉ አልመጣም። ናሆምን አዝዬ እሄዳለሁ፣ ናሆምን አዝዬ እመለሳለሁ። ብርሃኑ በካቴና ታስሮ ይመጣል፣ በካቴና ታስሮ ይሄዳል። ያለ ሽቦ የምንተያየው ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ግን ዳኛዋ መረራቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ ይህ የመጨረሻ ነው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ካላቀረበ መዝገቡን ዘግቼ ተከሳሹን አሰናብታለሁ አሉ። አሰናብታለሁ! እኔ ቃሉ ገብቶኝ እስክጨርስ ሌላ ባለጉዳይ ተጠርቷል። ውጭ ኮሪደሩ ላይ መንግሥት ያቆመለትን ተከላካይ ጠበቃ ያዝኩት። ገና ልጅ ነው፣ ሱፉ ሰፍቶታል። እውነት ይለቁታል ወይ አልኩት። እሱም ፈገግ አለና፣ እህቴ፣ ይህ ሰውዬ እንኳን ምስክር ራሱንም በሰዓቱ አቅርቦ አያውቅም አለኝ። ግን እንደሚባለው አንስተው ሌላ ሰው ቢተኩበት አዲሱ ሰው አዲስ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ አለቀልን አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ እንግዲህ እስከ ቀጠሮው ከወንበሩ እንዳያነሱት ጸልዪ አለኝ።

እሱ ቀልዱን ነው። ግን እንደኔ ላለች ሰው ጸልዪ ተብሎ ይቀለዳል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገር ዓለሙ ተገለበጠ። ከተማው በሙሉ ይነሳ ሲል እኔ ብቻዬን አይነሳ ሆንኩ። ጋሽ ንጉሤ ጋዜጣውን እያነበቡ፣ አሁንስ አበቃለት፣ በዚህ ሳምንት ይነሳል ሲሉ፣ ልብስ የማጥብበትን ሳፋ ትቼ ተነሳሁና፣ ምን አድርጎ ነው የሚነሳው፣ ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል፣ እናት የለውም ወይ፣ ትንሽ ጊዜ ቢሰጡት ምን አለበት አልኳቸው። ጋሽ ንጉሤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮኑን ቀነሱት። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ባልሽን ያሳሰረው ሰው እኮ ነው!» አሉኝ። ቢያሳስረውስ፣ ሥራው ነው አልኳቸው። ሥራው! ሥራው የሚለው ቃል ከሰውዬው ስም ጋር በአንድ ላይ ሲነገር ያን ዕለት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰብለ ካድሬ ሆናለች ተባለ። ቧንቧው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ስለ ኑሮ ውድነት እንኳ እኔ ፊት ማውራት ተዉ።

እኔ ደግሞ ቂርቆስ ሄድኩ። ሌላ የት እሄዳለሁ? ቂርቆስ ራሱ ገና ሕፃን ሆኖ ከእናቱ ጋር እሳት ፊት የቆመ ነው፤ ልጅ ያዘለች እናት ጭንቀት ይገባዋል ብዬ ነው። ሰውዬውን እስከ ቀጠሮው ድረስ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ጠብቅልኝ፣ ዘርፍ ያለው ጃንጥላ አገባልሃለሁ ብዬ ተሳልኩ። ቀጥዬም የንስሐ አባቴን አባ ወልዴን፣ በጸሎት እንዲያስቡት ስም ልስጥዎት አልኳቸው። ለማን ነው፣ ለበሽተኛ ነው ወይ አሉኝ። እንደ በሽተኛ ይቁጠሩት አልኳቸው። እሺ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አሉኝ።

ይኸውላችሁ፣ ጉዴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የክርስትና ስሙን ከየት አውቄው? በዓለም ስሙ ሬዲዮም ጋዜጣም በየቀኑ ይጠሩታል። አባ ወልዴ ግን ገዛኸኝ የሚባል ሰው በሰማይ አይታወቅም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ካህን በክርስትና ስም ካልጠራው፣ ጸሎቱ ሄዶ ሄዶ የሌላ ገዛኸኝ ደጅ ላይ ቢወድቅስ? ለምሳሌ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ገዛኸኝ አለ፤ እሱ ከወንበሩ ባይነሳ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?

የሰው የክርስትና ስም ማን ያውቃል? እናቱ። እናቱ ደግሞ ሩቅ አልነበሩም። እማማ አስካለ ይባላሉ፤ እዚያው ቂርቆስ ያስቀድሳሉ። ያ ሁሉ ወሬ ከተነሳ ወዲህ ከሴቶቹ ተለይተው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ግድግዳ ጥግ ብቻቸውን ነበር የሚቆሙት። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ተጠጋኋቸውና፣ እማማ፣ የልጅዎን የክርስትና ስም ይንገሩኝ፣ ጸሎት ላስይዝለት ነው አልኳቸው። መጀመሪያ የተሳደብኩ መሰላቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ደግሜ ስለምናቸው ግን ነጠላቸውን ከዓይናቸው ገለጥ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ ላንቺ ምንሽ ነው?» አሉኝ። ዘመድ ነኝ ብል ምን ነበረበት? ጎረቤት ነኝ ብልስ? እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መዋሸት ፈራሁና፣ ባለቤቴን የከሰሰው እሱ ነው አልኳቸው።

እማማ አስካለ ጮኸው አለቀሱ። እኔንም ናሆምንም በአንድ ላይ እቅፍ አደረጉን። አገሩ በሙሉ ልጄን ሲሰድበው፣ ለወግ እንኳ ደህና ነው ወይ የሚለኝ ጠፍቶ፣ እሱ ራሱ ያሳሰረው ሰው ሚስት ትጸልይለት? እንዲህ ያለ ልብ በዚህ ዘመን አለ ወይ እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ። ወልደ ትንሣኤ ነው ስሙ አሉኝ፤ የኔንና የብርሃኑንም ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እኔ አፌን ከፍቼ፣ ኧረ እማማ፣ እኔ እኮ የምጸልየው ሌላ ነገር ነው ልል ነበር። ግን ለእናት ምን ይባላል? ልጅዎ ሰነፍ ስለሆነ ነው የምፈልገው ይባላል? ስሙን ይዤ ለአባ ወልዴ ሰጠሁና ወጣሁ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እማማ አስካለ ያን ዕለት ማታ ልጃቸውን ቤታቸው አስጠርተውታል።

ሳምንቱ አልፎ ቀጠሮው ደረሰ። ሰውዬው አልተነሳም። ምክር ቤቱ ገና እየተጨቃጨቀ ነው። ስለቴ ሰመረ ብዬ ለናሆም ንጹሕ ሹራብ አለበስኩት፤ አባቱ ሲያቅፈው ጥሩ እንዲሸት። ለብርሃኑም ሲወጣ የሚቀይረውን ሸሚዝ ተኩሼ በፌስታል ያዝኩ። አያችሁ ጥጋቤን?

ፍርድ ቤት ስደርስ ምን አየሁ? አቶ ገዛኸኝ ዳኛዋ ሳይመጡ፣ በር ከፋቹ ሳይመጣ፣ እሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከረባት አስሯል። ፋይሉን ራሱ ይዞታል፤ የኛን ፋይል፣ የራሳችንን። ሲያየኝ ቀረብ አለና ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ። ሰብለ አንቺ ነሽ አይደል አለኝ። እናቴ ሁሉንም ነግራኛለች፣ ስንት ዘመን ስሠራ እኔን አምኖ የጸለየልኝ አንድ ሰው አልነበረም አለኝ። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላሳፍርሽም» አለኝ።

ኧረ አሳፍረኝ! በእናትህ አሳፍረኝ! ግን ይህ በአፍ ይወጣል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው ያልኩት።

አላሳፈረኝም። ምስክሮቹን አንድ ሳይጎድል አመጣ። ያ በጉ የሄደበት መኪና ማለዳ ተነስቶ ከየቤታቸው ለቅሞ ነው ያመጣቸው። ጎማ የጫነው ሹፌር አለ፣ ዘበኛው አለ፣ ከብርሃኑ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሰው አለ። አቶ ገዛኸኝ ቀስ እያለ፣ ወረቀት ሳያይ፣ እያንዳንዱን ጠየቀ። ስልክ ሲደወል ሰምታችኋል ወይ? አልሰማንም። ጎማውን በእጁ ያስረከበ ማን ነው? እሱ ነው፣ ብለው ወደ ብርሃኑ ጠቆሙ። ምን ያድርጉ፣ ያዩት እሱን ነው፤ ስልክ ውስጥ ያለ አለቃ አይታይም። የኛ ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ የሰውዬውን ስንፍና ተማምኖ ባዶ እጁን ነበር የመጣው። ጥያቄ አለህ ሲባል ተነሳ፣ ሱፉን አስተካከለ፣ የለኝም ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ፋይሉን ዘጉና፣ ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ዛሬ ያሳየውን ዝግጅት በአድናቆት ይመለከተዋል አሉ። ምስክር ሰምተው አደነቁ! ከዚያ ብርሃኑ ይከላከል አሉና ረጅም ቀጠሮ ሰጡ። ከክረምቱ ማዶ ነው። ብርሃኑ ሲወስዱት ዘወር ብሎ አየኝ። ምን ነካው ሰውዬውን የሚል ፊት ነበር። ሸሚዙን የያዘውን ፌስታል ከኋላዬ ደበቅሁት። ናሆም ካቴናው ሲንቃጨል ሰምቶ መጫወቻ መሰለውና ሳቀ።

ብርሃኑ ምክንያቱን እስካሁን አያውቅም። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? በሽቦ ቀዳዳ እየጮኽኩ፣ ብርሃኔ፣ እኔ ነኝ በጸሎት ያነቃሁት እለዋለሁ? እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ያን ዕለት ማታ የጋሽ ንጉሤ ሬዲዮ፣ ዐቃቤ ሕጉ በከባድ የሙስና ክስ ላይ ብቃታቸውን በተግባር አስመስክረዋል፣ የምክር ቤቱም ክርክር እልባት አግኝቷል አለ። ይነሳ ሲሉ የነበሩት ለውጥ አለ አሉ። አይነሳ ሲሉ የነበሩት ብለን ነበር አሉ። ጋሽ ንጉሤ መስኮታቸው ላይ ሆነው፣ አየሽ፣ ሕዝብ ሲጮህ እንዲህ ነው የሚሠሩት አሉኝ። የማን ክስ እንደሆነ ስነግራቸው ሬዲዮኑን ዘጉት። መቀነስ አይደለም፣ ዘጉት።

ስለት ደግሞ ስለት ነው። ሰውዬው ከወንበሩ አይነቃነቅ አልኩ፣ አልተነቃነቀም። ሰነፍ ሆኖ ይቆይልኝ ማለቱን የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ቂርቆስ ምን ያድርገኝ? የሰው ልብስ እያጠብኩ ጃንጥላዋን ገዛሁና ለበዓሉ ይዤ ሄድኩ። እማማ አስካለ በሩ ላይ ጠበቁኝ። አሁን ሴቶቹ ከበዋቸዋል፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ጃንጥላውን አብረን ካልያዝን አሉ። እሳቸው በአንድ እጅ፣ እኔ በአንድ እጅ ይዘን ስንገባ እልል አሉ። ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ናሆም ከጀርባዬ ላይ አጨበጨበ።

አባ ወልዴ ጃንጥላዋን ተቀበሉኝ። ቀስ ብዬ ጆሯቸው ጋ ተጠግቼ፣ አባ፣ ያ የሰጠሁዎትን ስም አሁን ከጸሎቱ ያውጡልኝ አልኳቸው። ደነገጡ። እንዴ፣ የምን ማውጣት ነው፣ ሰውዬው ምን አጠፋ አሉኝ። ሥራውን ነው እኮ የሠራው አሉ።

እሱስ ልክ ናቸው። በሕይወቱ አንድ ቀን ሥራውን ሠራ፤ ያችም ቀን የኔ ሆነች።